የአሥር እጥፍ ሕግና የእንጦጦው ውሳኔ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ሊገቡ እንጦጦ ደርሰዋል። ከፍቼ ተነስቶ በሱሉልታ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከተማዋን ቁልቁል የሚያያት ከዚህ ተራራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንጦጦ ማርያም ጎራ ብለው ጸለዩ። ከዚያ ወደ ከተማው ወረዱ። ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ1928።

እኔ ስለዚህ ዕለት ደጋግሜ የማስበው በዓል ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ መሪ ሊገጥመው ከሚችለው ፈተና ከባዱ የጠበቃቸው በዚያ ቁልቁለት ስለነበረ ነው። ከታች ልጁ የተረሸነበት፣ ቤቱ ሰው እንዳለበት የተቃጠለበት ሕዝብ አለ። በዚያው ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያኖች አሉ። እናቶች፣ ሕፃናት፣ ባለሱቆች፣ ግንበኞች፣ ሹፌሮች ናቸው። በየካቲት 12 ቤንዚን ይዘው ጎጆ ለጎጆ የዞሩ ሰዎችም ከዚያው ሕዝብ የወጡ ናቸው። መሪው ለሟቾቹ ፍርድ የማሰጠት ግዴታ አለባቸው። እጁን ለሰጠ ሰው፣ ለጠላት ልጅ እንኳ፣ ማዘን ደግሞ የሰውነትም የክርስትናም ወግ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ የሚዳኝ የኢትዮጵያ ችሎት በዚያ ቀን አልነበረም። የነበረው የባዕድ ሕግ ነው። እሱም አንድ ብቻ አልነበረም።

የሮም ሕግ

ሙሶሊኒ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ለግራዚያኒ ቴሌግራም ላከ። በዐመፀኞቹና ተባባሪ ባለው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በተከታታይ እንዲካሄድ ፈቀደለት። የአሥር እጥፍ በቀል ሕግ ካልተሠራበት ቁስሉ በጊዜው አይድንም ሲልም ጻፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ የተማረከ ዐመፀኛ ሁሉ ይረሸን የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር።

አሥር እጥፍ። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ አምስቱን ዓመት የኖሩት በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 አርበኞች ከተማዋን ከየአቅጣጫው ገቡባት። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ አንዱ ጦር ሌላው የት እንደደረሰ የሚያውቅበት ሬዲዮ የለውም። ጥቃቱ ከሸፈ። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ ችሎት ፊት ቀረቡ። አርበኞቹን አውግዘው ለጣሊያን እንዲገዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ያኔውኑ በአደባባይ ተረሸኑ። ችሎቱ የጣሊያን ወታደራዊ ችሎት ነው። ዳኛ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ የፍርድ ወረቀት አለው። ፍርዱ ግን ከመቅረባቸው በፊት ያለቀ ጉዳይ ነበር።

የራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች ነገር ደግሞ አለ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ሕይወታችሁ አይነካም ተብለው፣ ቃሉን አምነው በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ቃሉ ታጠፈ፤ ተገደሉ። ታላቅ ወንድማቸው ወንድ ወሰንም በዚያው ሰሞን በላስታ በኩል ተገድለዋል። ለአንድ አባት ሦስት ልጅ፣ በአንድ ወር ውስጥ። ራስ ካሣ ያኔ ስደት ላይ ነበሩ። በ1933 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ አገር ከገቡት ታላላቅ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈውም በዚያው በፍቼ በኩል ነው።

ከዚያ የካቲት 12 ቀን 1929 መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። መልሱን ያገኘው ግን የከተማው ሕዝብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ የፋሺስት ሚሊሻዎች፣ ወታደሮችና ሲቪል ጣሊያኖች በአካፋ፣ በዶማ፣ በጥይት ሰው ጨረሱ። ጎጆ ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱ። ሩጦ የወጣውን በበሩ ላይ ገደሉት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። ነገሩን በኋላ በዝርዝር ያጠኑ ሰዎች ወደ 19,000 የሚጠጋ ግምት ሰጥተዋል። በየትኛውም ቁጥር ቢቆጠር፣ በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ማለት ትንሽ ከተማ ናት። ሐዘን ያልገባበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነበር።

በግንቦት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን አሳወቀ። ቀጥሎም ከ100 በላይ ዲያቆናት ተገደሉ። የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ከ1,000 በላይ ያደርሱታል። ጥፋታቸው ምን ነበር? ቦምብ ወርዋሪዎቹን አስጠግታችኋል የሚል ጥርጣሬ ነው።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሕግ መውጣቱ አልቆመም። በሚያዝያ 1929 የወጣው የጣሊያን አዋጅ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል። በ1932 የወጣው ሌላ ሕግ ከጣሊያን አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደን ልጅ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበለው ከለከለ። አሥር እጥፍ የሚገድልና ልጅን ከአባቱ ስም የሚነጥል ሕግ፣ ሁለቱም ከአንድ ቢሮ፣ በአንድ ማኅተም የወጡ ነበሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ግፉ ሕግ አልባ አልነበረም። ሕግ ነበረው።

የለንደን ሕግ

ሁለተኛው የባዕድ ሕግ የመጣው ከወዳጅ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ጦርነቱን ስትቀላቀል እንግሊዝ ንጉሠ ነገሥቱን ፈለገቻቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ ሰቀሉ። ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦርና ከጎጃም አርበኞች ጋር ወደ መሐል አገር ገፉ። በሌላ በኩል የእንግሊዙ ጄኔራል የካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነስቶ በሶማሌ በኩል ዞሮ መጣ። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሰሞን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ዋና ከተማቸው ነፃ ወጥታለች። እሳቸው ግን አልገቡም። አንድ ወር ያህል ጠበቁ።

ለምን? እንግሊዞች ቆይ አሉ። ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ ይነሳል፣ የአርበኞች ጦር ይገባል፣ ጣሊያኖቹ ያልቃሉ አሉ። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የከተማውን ዙሪያ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ይዘውታል። አምስት ዓመት ሙሉ ጫካ የከረሙ ሰዎች ናቸው። እንግሊዞቹ የጣሊያን ፖሊሶችን እንኳ ለጊዜው ትጥቃቸውን ሳያስፈቱ ነጮቹን እንዲጠብቁ ትተዋቸው ነበር። የዚያን ጊዜውን የአዲስ አበባ ሰው ስሜት አስቡት። የካቲት 12ን ያየ ሰው ነጻ ወጣህ ተብሎ ይነገረዋል፤ መንገድ ላይ መሣሪያ ይዞ የሚያየው ግን ያንኑ የጣሊያን ፖሊስ ነው።

ከስጋቱ በስተጀርባ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ሕጋዊ ጉዳይ። እንግሊዝ የጣሊያንን ወረራ በኅዳር 1931 በይፋ ተቀብላ ነበር። አሁን ደግሞ ከጣሊያን እጅ የተወሰደውን አገር «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» በሚባል ወታደራዊ መሥሪያ ቤት ልታስተዳድረው ጀመረች። በ1907 እ.ኤ.አ. በሔግ በተጻፈው የጦርነት ደንብ መሠረት አገር የያዘ ጦር በግድ ካልሆነበት በቀር ነባሩን ሕግ ማክበር አለበት። እንግዲህ ነባሩ ሕግ የማን ነው? በወረቀቱ የጣሊያን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ የእንግሊዙ የፖለቲካ ሹም ተቃወማቸው። ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ሥልጣንዎ ሙሉ አይሆንም፣ በሕግ ፊት የአገሩ ገዢ አሁንም የጣሊያን ንጉሥ ነው የሚል ክርክር ነበር ያመጣው።

ስለዚህ የጉዳዩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንጦጦ ላይ ሲደርሱ ገዳዮቹን ይዘው ለፍርድ ላቅርብ ቢሉ ፍርድ ቤት የላቸውም። ላቋቁም ቢሉ ሥልጣን የለህም የሚል ጦር ከተማውን ይዟል። ዝም ቢሉ ሕዝቡ ፍርዱን በገዛ እጁ ሊወስድ ይችላል። ያ ቢሆን ደግሞ እንግሊዝ «አላልናችሁም?» ብላ አስተዳደሩን ለማራዘም ሰበብ ታገኛለች። አንድ ሌሊት ደም ቢፈስ፣ ነጻነቱ ራሱ ለዓመታት ሊታገት ይችል ነበር።

ይህን ስል የእሳቸው ርኅራኄ ስሌት ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። የራሳቸው ሐዘን ትንሽ አልነበረም። የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት 1929 ተይዘው ተረሽነዋል። የሌላዋ ልጃቸው የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድም በዚያው ወር ተገድለዋል። ሮማነወርቅ ራሷ ከልጆቿ ጋር ተግዛ ጣሊያን አገር ቱሪን ከተማ ላይ ሞታለች። ጊዜው ጥቅምት 1933 ነው። አባቷ እንጦጦ ላይ ሲቆሙ ከሞተች ሰባት ወር አልሞላትም። ተበቀሉ ብሎ ለማለት ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ብዙ አልነበረም።

ቁልቁለቱ

ሰልፉ ከእንጦጦ ወደ ከተማው ወረደ። ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ከፊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ከኋላ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልተውታል። እልልታና ለቅሶ አንድ ላይ ነበር። በታላቁ ቤተ መንግሥት ካኒንግሃም ተቀበላቸው።

እዚያ የተናገሩት ንግግር የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ሁለት ነገር በውስጡ አለ። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ነው።

የሚታወሰው እንዲህ ይላል፦ ክፉን በክፉ አትመልሱ። ጠላት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሲሠራው የነበረውን የጭካኔ ሥራ እናንተ አትሥሩ። የኢትዮጵያን መልካም ስም ለጠላት በሚገባ ሥራ እንዳታጎድፉ ተጠንቀቁ። ይህ ለሙሶሊኒ የአሥር እጥፍ ሕግ የተሰጠ መልስ ነው። እዚያ አንድ ለአሥር ተብሎ ታዘዘ፤ እዚህ አንድ ለአንድም ቢሆን ተከለከለ። ንግግሩን ያደመጡት ሰዎች ያኔ በእጃቸው መሣሪያ ነበራቸው፤ በአጠገባቸውም ገዳዮቻቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ቃል ባዶ አዳራሽ ውስጥ መናገር ቀላል ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሕዝብ ፊት መናገር ግን መስማት የማይፈልግ ጆሮ ፊት መቆም ነው።

ሁለተኛው ቃል ይህ ነው፦ ጠላቶቻችን ትጥቃቸውን ፈትተው በመጡበት መንገድ እንዲመለሱ እናደርጋለን። እኔ የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ውጤቱን እንይ። የተፈራው እልቂት አልመጣም። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12ን የሚመልስ የካቲት 12 አልተደረገም። ይህ በዓለም ታሪክ ተደጋግሞ የሚገኝ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ምስጋናውን ለንግግሩ ብቻ ይሰጣል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ንግግር ብቻውን የተቆጣ ሕዝብ አያቆምም። ያቆመው ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው ቃሉን ስለተቀበሉ ነው። መሣሪያ የያዙት እነሱ ናቸው። እምቢ ቢሉ ማንም አያስቆማቸውም ነበር። ራስ አበበ ከጣሊያን በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ከድሉ በኋላም የከተማዋን አስተዳደር የተረከቡት እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት ከተማዋን ከዳር ሆነው ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ ከተማዋን ሳያቃጥሉ ገቡ። በዚህ ጉዳይ መሪ ስንል ንጉሡን ብቻ ማለታችን ከሆነ ግማሹን ታሪክ እየተውን ነው።

ተራውም ሰው ድርሻ አለው። እንግሊዞች በ1934 ጣሊያኖቹን ሰብስበው በመርከብ ማስወጣት ሲጀምሩ ንጉሠ ነገሥቱ ሙያ ያላቸው እንዲቀሩ ፈለጉ። አገሩ መካኒክ፣ ግንበኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈልገው ነበር። እንዳይወሰዱ የተደበቁ ጣሊያኖችም ነበሩ። የደበቋቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዳንዱ የልጆቹን እናት አገር ለቅቆ መሄድ አልፈለገም። ያ የዘር ሕግ ልጅህን ልጄ አትበል ያለው ሰው፣ በኢትዮጵያ ነጻነት ሥር ልጁን በስሙ የመጥራት ዕድል አገኘ። በኋላ ዘመን ከተማችን ውስጥ በየጋራዡና በየግንባታው የምናውቃቸው ጣሊያኖች አብዛኞቹ ከዚህ ታሪክ የመጡ ናቸው።

ሳይሰየም የቀረው ችሎት

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል ልመለስ። በመጡበት መንገድ ይመለሱ።

ርኅራኄው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ወላዋይነት የለኝም። ሕፃን በአባቱ ኃጢአት አይገደልም። ሹፌርና ግራዚያኒ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሹፌርና ግራዚያኒ አንድ ካልሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ መርከብ አገራቸው መግባት የለባቸውም። ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚለው ቃል ሕዝቡን ከበቀል አቀበው። በመጡበት መንገድ ይመለሱ የሚለው ደግሞ ገዳዩን ከፍርድ አወጣው። በአንድ ንግግር ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

በአገራችን ልማድ ደም የቤተሰብ ነው። ገዳይ ሲያዝ ካሣ ልቀበል ወይስ በሞት ይቀጣ የሚለውን የሟች ወገን ነው የሚጠየቀው። ንጉሥ ፍርዱን ያጸናል እንጂ ሟች የሌለበትን ዕርቅ አይፈጽምም። ሽምግልናም ቢሆን በደለኛው ቀርቦ በድያለሁ ሳይል አይጀመርም። በየካቲት 12 ልጇን ያጣች እናት ግን ገዳዩ ፊቷ ቀርቦ አታውቅም። ይቅር ልትለውም፣ ልትከሰውም ዕድል አልተሰጣትም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ነው ይሄ። ከበቅሎ በላይ፣ ከጭብጦ በላይ ነው ያለፍርድ የሄደበት።

ንጉሠ ነገሥቱን በዚህ ልክ መውቀስ ተገቢ ነው? በሚያዝያ 1933 አይደለም። ችሎት ለማቆም አቅሙም ሥልጣኑም አልነበራቸውም። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ከላያቸው ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው ውል ነጻነቱን ቢያውቅም ብዙ ነገር በእንግሊዝ እጅ ተወ። ጣሊያኖቹን የማስወጣቱ ሥራም የእንግሊዞች ነበር። መርከቦቹ ሲሄዱ ተጠርጣሪና ንጹሕ አልተለየም።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ኢትዮጵያ ሞክራለች፤ ይህ ሊነገርላት ይገባል። የፍርድ ሚኒስቴር የተማረኩ ቴሌግራሞችንና የምስክር ቃሎችን ሰብስቦ አሳተመ። በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ፊት በ1940 የአሥር ሰዎች ስም ቀረበ። ባዶሊዮ፣ ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና፣ የአዲስ አበባው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ኮርቴዜ፣ በፍቼ የዘመተው ጄኔራል ትራኪያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ኮሚሽኑ ማስረጃውን አይቶ ለክስ በቂ ነው አለ። አንዳቸውም ግን በኢትዮጵያ ላይ በሠሩት ወንጀል ችሎት ፊት አልቆሙም። እንግሊዝ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም። ባዶሊዮ በ1943 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን ከጀርመን አላቅቆ ከአጋሮቹ ጋር ስለታረቀ ይፈለግ ነበር። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በገዛ አገሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው። ለኢትዮጵያ ሟቾች አንድ ቀን አልተፈረደበትም። ከፍርዱ በኋላም በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።

ጣሊያን በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ብዙ ከተጓተተ በኋላ ባነሰ ገንዘብ ተስማሙ። ከዚያ ገንዘብ ቆቃ ግድብ ተሠራ። መብራት ሰጥቶናል፤ ጥሩ ነው። ግን ካሣ የሚባለው ጥፋተኛው ጥፋቱን ካመነ በኋላ የሚከፈለው ነው። ያ ክፍል ተዘለለ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ የራሳችን ስለሆነ። በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጋ አርበኛ ነው። ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተከሰሰ፤ በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ፍቼ ላይ ቃሉን ያጠፈ ጄኔራል አልተሰቀለም። ቤንዚን ያርከፈከፈ አልተሰቀለም። ለባዕድ የተሰጠው ርኅራኄ ለአርበኛው አልተረፈም። በዚያ ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣን ነበራቸው፤ የእንግሊዝ ሹም አልከለከላቸውም፤ ችሎትም ነበራቸው። በ1933 እጃቸውን ያሰረው የባዕድ ሕግ ነው ብዬ እከራከርላቸዋለሁ። በ1937 ግን አልችልም። አርበኞቹ ለዓመታት ያጉረመረሙትም በዚህ ነው። ከጠላት ያደረ ሹመት አገኘ፣ ጫካ የከረመው ተረሳ አሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለው ለጠላት ብቻ አይደለም።

እንጦጦ ዛሬ ሰው በዝቶበታል። ከ2013 ጀምሮ ፓርክ ተሠርቶበታል፤ ቤተሰብ ይወጣል፣ ወጣቱ ይሮጣል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚወርዱ ምእመናን አሉ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱ እናቶችም አሁንም አሉ። ሚያዝያ 27 በዓል ነው፤ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ይቀመጣል። የካቲት 12 ደግሞ ስድስት ኪሎ ይታሰባል። ሁለቱን ቀን አገናኝቶ የሚናገር ግን ብዙ አልሰማሁም። አንዱ ስለ ድል ነው፣ አንዱ ስለ ሐዘን ነው ይባልና ይለያያሉ። በመሃላቸው ያለው ጥያቄ፣ የፍርዱ ጥያቄ፣ ቤት የለውም።

በቀል ከልክሎ ፍርድ የሚያቆይ መሪ ቢያንስ መዝገቡን ክፍት መተው አለበት። ያ መዝገብ አለን። ስሞቹም፣ ቴሌግራሞቹም፣ ምስክርነቶቹም ተጽፈዋል። በየዓመቱ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ አበባ ስናስቀምጥ በኮሚሽኑ ፊት የቀረቡት የአሥሩ ሰዎች ስምና የተከሰሱበት ነገር በድምፅ ማጉያ ይነበብ። ተማሪዎች ይስሙት። የጣሊያን ኤምባሲ ተወካይም ተጋብዞ ይስማ። በ1933 ትሰማለች ተብላ ያልተጠራችው እናት የልጅ ልጆች እዚያ ይሆናሉ።